መክሊትና የዕለት እንጀራ

ከማስተማር ሥራዬ በጡረታ የተሰናበትሁ ዕለት ባልደረቦቼ ሻይና ዳቦ አዘጋጅተው ነበርና፥ ከመካከላቸው አንዱ ተነሥቶ፥ መምህር ማለት ለሌላው እያበራ ራሱ የሚቀልጥ ሻማ ነው ብሎ ተናገረ። ይህን ንግግር በሠላሳ ስምንት ዓመት የሥራ ዘመኔ በየስንብቱ ሰምቼዋለሁ፤ እኔም ራሴ ሌሎች ሲሸኙ ሁለት ሦስት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ለእኔ በተነገረ ጊዜ ግን ደስ አላሰኘኝም። ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ አመሸሁ። ሻማ ከመብራት ሌላ ሥራ የለውም፤ ሰው ግን ብዙ ነገር ሆኖ ይፈጠራል። አስተማሪ የሆነ ሰው ከማስተማሩ በላይ እግዚአብሔር የሰጠው ሌላ መክሊት ቢኖረው፥ ያንንም መክሊት ለልጆቹ እንጀራ ሲል በየሰው ቤትና በየክፍሉ ቢበትነው፥ ቀበረው ይባላልን ወይስ ነገደበት ይባላል? በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን የመክሊቱን ምሳሌ በቃላችን አጥንተን ነበር፤ ነገር ግን የመምህሮቻችንን ፊት ፈርተን ይሁን ወይም ልጅነት ይዞን፥ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ አልነበረም።

ይህን ነገር ባሰብሁ ቁጥር ወደ ልቤ የሚመጣው ጆን ሴል ኮትማን የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው። ስለ እርሱ የማውቀውን ለአንባቢ ልንገር፤ ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ኮትማን በምሥራቅ እንግሊዝ አገር ኖርዊች በምትባል ከተማ በ1782 ተወለደ። አባቱ በፊት ጠጉር አስተካካይ የነበረ፥ በኋላም ወደ ጨርቅ ንግድ የገባ ሰው ነው። ልጁ በከተማው ባለው ጥንታዊ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ፤ ሥዕል መውደዱ ግን ከሌላው ትምህርት ሁሉ በለጠበት። አባትዮውም ምክር ፈልጎ በዘመኑ የታወቀውን ሠዓሊ ጆን ኦፒን ስለ ልጁ ቢጠይቀው፥ ሠዓሊ ከሚሆን ጫማ ቢጠርግ ይሻለዋል የሚል መልስ ሰጠው ተብሎ ይነገራል። የእኛም አገር አባት ቢሆን ከዚህ የተለየ የሚመልስ አይመስለኝም። ሆኖም አባቱ ልጁን አልከለከለውም፤ በ1798፥ ዕድሜው አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆን፥ ወደ ለንደን ሄደ።

በለንደን መጀመሪያ የታተሙ ሥዕሎችን ቀለም እየቀባ ለአከርማን ሱቅ አገለገለ። ቀጥሎም ዶክተር ቶማስ ሞንሮ ወደሚባል ሐኪም ቤት መግባት ጀመረ። ይህ ሐኪም የአእምሮ ሕሙማንን የሚያክም ሰው ሲሆን የሥዕል ፍቅር ነበረው፤ ወጣት ሠዓሊዎችን ማታ ማታ በቤቱ ሰብስቦ ያሉትን ሥዕሎች እንዲገለብጡ ያደርግና ጥቂት ገንዘብና እራት ይሰጣቸው ነበር። ዊልያም ተርነርና ቶማስ ገርቲን ሁለቱም በዚህ ቤት ውስጥ በሻማ ብርሃን የሌላውን ሰው ሥዕል ሲገለብጡ ያደጉ ናቸው። መገልበጥ ይገድላል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው፤ ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ። ገርቲን በ1802 ገና በሃያ ሰባት ዓመቱ ሲሞት፥ እርሱ የነበረበትን የወጣት ሠዓሊዎች ማኅበር የመራው ኮትማን ነበረ። በሃያ ዓመቱ እንዲህ ያለ ስፍራ የደረሰ ልጅ ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ ቀና ይሆንለታል ብሎ የማያስብ ማን ነው?

በ1803፥ በ1804ና በ1805 በጋውን ወደ ሰሜን ወደ ዮርክሻየር እየሄደ ብራንድስቢ በምትባል ስፍራ ቾምሊ የሚባሉ ቤተ ሰብ ዘንድ ተቀመጠ። የቤቲቱን እመቤትና ልጆቿን ሥዕል ያስተምር ነበር፤ እነርሱም እንደ አገልጋይ ሳይቆጥሩት እንደ ወዳጅ አቀረቡት። በሦስተኛው ዓመት ወደ ሮክቢ አልፎ በግሪታ ወንዝ ዳር ሰነበተ። የእንግሊዝን የውሃ ቀለም ሥዕል የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ ስሙን የሚያነሡት ከሁሉ በፊት በዚያ ወንዝ ዳር ስለ ሠራው ሥራ ነው። ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

የግሪታን ድልድይ ሥዕል እኔ በልጅነቴ አውቀዋለሁ። በሚስዮኑ ትምህርት ቤት ሥዕልና መዝሙር ያስተምሩን የነበሩት ሚስዮናዊት ስለ እንግሊዝ ሥዕል የሚናገር አንድ ትልቅ መጽሐፍ ነበራቸው፤ ጠባዩ የተመሰገነ ተማሪም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጁን በሳሙና ታጥቦ እንዲያየው ይፈቀድለት ነበር። እኔም ሁለት ጊዜ ይህ ዕድል ደረሰኝ። በመጽሐፉ ውስጥ ማዕበልና መርከብ፥ ተራራና ነጐድጓድ ሞልቶ ሳለ፥ ይህ አንድ ድልድይ ብቻ ያልተጨረሰ ሥራ መሰለኝ። አንድ የድንጋይ ቅስት፥ ከሥሩ ጸጥ ያለ ውሃ፥ በግራ በኩል ነጣ ያለ ቤት፥ ከኋላ ጥቁር አረንጓዴ ዛፎች፥ ከፊት ለፊት የተጋደሙ ድንጋዮች፤ ሌላ ምንም የለበትም። ቅጠል የለ፥ ሣር የለ፥ ሰው ቢኖርም አይታይም። ሠዓሊው ደክሞት የተወው ነው ብዬ አሰብሁና ገጹን ገለጥሁት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለንደን የምትኖረው ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለ ይህን ነገር አጫወትኋት። እኔም በተራዬ ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ፥ ቀጠሮ አስይዛ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የሥዕል ወረቀት ክፍል ወሰደችኝ። የውሃ ቀለም ሥዕል ለዘወትር በግድግዳ አይሰቀልም፤ ብርሃን ይበላዋልና። በተለይም በዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ለሰማይ ይጠቀሙበት የነበረው ኒል ቀለም በብርሃን ፊት ቶሎ ይለቅቃል፤ ስለዚህ በሣጥን ተዘግቶ በጨለማ ይቀመጥና የሚጠይቅ ሲመጣ ብቻ ይወጣል። ሠራተኛዋ ሥዕሉን አምጥታ በፊቴ ባለው ማቆሚያ ላይ አቆመችው። የተዘረጋ የተማሪ ደብተር ያህል ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።

ያልተጨረሰ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የዘይት ቀለም ሠዓሊ ቢሳሳት በላዩ ደግሞ ይቀባበታል፤ ጥቁሩን በነጭ ይሸፍነዋል። የውሃ ቀለም ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነገር ስለ ሆነ ብርሃኑ ቀለሙን አልፎ ከወረቀቱ ላይ ተመልሶ ነው ወደ ዓይናችን የሚመጣው። እንግዲህ በጥንቱ አሠራር ነጩ ከወረቀቱ በቀር ሌላ አይደለም። ሠዓሊው ነጭ ሊሆን የሚገባውን ስፍራ ገና ብሩሹን ሳያረጥብ በልቡ ወስኖ ሳይነካው ማለፍ አለበት፤ አንድ ጊዜ ከነካው አይመለስም። ኮትማን አንዱን ስስ ቀለም በሰፊው ይቀባል፤ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ በላዩ ሁለተኛውን ጠርዙ ቁልጭ ብሎ እንዲታይ አድርጎ ያሳርፋል፤ ከዚያ በኋላ አይነካካውም። የዛፉ ጥላ አንድ ቁራጭ ነው፤ የድንጋዩ ጐን አንድ ቁራጭ ነው፤ የሰማዩ ደመና አንድ ቁራጭ ነው። እያንዳንዱም በጐረቤቱ ላይ ሳይደርስበት በስፍራው ተቀምጧል። ከሥዕሉ ውስጥ እጅግ የሚያበራው ደግሞ ምንም ያልተሠራበት ስፍራ ነው።

በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ነገሩን ለመናገር አፍራለሁ፥ ግን ይህን ጽሑፍ ከጀመርሁ ልሸሽገው አይገባኝም።

ማስተማር በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት በአንድ የወረዳ ከተማ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርሁ። ሥዕል የሚያስተምር ሰው ስላልነበረ፥ በሚስዮን ስለ ተማርሁ ብቻ፥ ክፍለ ጊዜው በእኔ ላይ ተደረበብኝ። አንድ ቀን የትምህርት ቤታችንን ቤት ከውጭ ሆነው እንዲሥሉ አዘዝሁ። ሁሉም በእርሳስ ቀጥቅጠው፥ የቆርቆሮውን ጣራ በመስመር በመስመር ሞልተው አመጡ። አንድ ቀጭን ልጅ ግን ግድግዳውን፥ ጥላውንና በሩን አጥቁሮ ጣራውን እንዳለ ነጩን ትቶ አመጣ። ለምን አልጨረስህም አልሁት። «ጋሼ፥ ጣራው እኮ ፀሐይ ነው፤ ዓይን አያስገባም» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከአሥር ሦስት ሰጠሁትና ስንፍናህን በፀሐይ አታመካኝ ብዬ መለስሁለት። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ በሥዕል ክፍለ ጊዜ በሰሌዳ የሣልሁትን ብቻ አጥርቶ ይገለብጥ ጀመር። እኔም አሥር ከአሥር ሰጠሁት። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርሁ፤ ልጁን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ወደ ኮትማን ልመለስ። በ1806 ከለንደን ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። በኖርዊች ጆን ክሮምና ሮበርት ላድብሩክ በ1803 ያቋቋሙት የሠዓሊዎች ማኅበር ነበርና ከዚያ ገባ፤ በ1811ም ሊቀ መንበር ሆነ። በ1809 አን ማይልስ የምትባል ሴት አገባ፤ አምስት ልጆችም አሳደጉ። አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ ከዚህ ከልጆቹ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። የውሃ ቀለም ሥዕል ገዢው ጥቂት፥ ዋጋውም ዝቅተኛ ነበር። የቤት ኪራይና የዱቄት ዋጋ የሚከፈለው በማስተማር ነው።

በዚያው በ1809 አንድ ብልሃት አሰበ። ስድስት መቶ ያህል ሥዕሎቹን ቁጥር ሰጥቶ እንደ መጻሕፍት ቤት አደረጋቸው፤ የሥዕል ተማሪ የሆነ ሁሉ በየሩብ ዓመቱ ገንዘብ እየከፈለ ከዚያ አንድ ሥዕል ተውሶ ወደ ቤቱ ወስዶ ይገለብጣል፥ ከዚያም መልሶ ሌላውን ይወስዳል። ሥዕሎቹ አርጅተው ሲጐድሉ ሌላ እየሣለ ይተካል። ይህን ነገር በመጀመሪያ ሳነብ አዘንሁለት፤ የግሪታን ድልድይ የሣለ እጅ ለሀብታሞች ሴት ልጆች መለማመጃ ሲያዘጋጅ መኖሩ የሚያሳዝን መሰለኝ። በኋላ ግን አንድ ነገር አሰብሁ። በዚያ ዘመን ከለንደን ውጭ ላለ ወጣት አንድ ጥሩ ሥዕል በእጁ ይዞ ማየት ብርቅ ነበር፤ እኔ ራሴ ያን የሚስዮናዊቷን መጽሐፍ ለማየት የአንድ ወር መልካም ጠባይ ያስፈልገኝ ነበር። እርሱ ግን ሥዕሉን በገዛ እጃቸው ይዘው ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ፈቀደላቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ስስታም ወይም መክሊት ቀባሪ ለማለት አልደፍርም።

ነገር ግን ዋጋ ከፈለበት። ተማሪዎቹ ደግመው ደጋግመው ከመገልበጣቸው የተነሣ፥ ዛሬ የትኛው የእርሱ፥ የትኛው የልጆቹ፥ የትኛውስ የተማሪው እንደ ሆነ ለመለየት ሊቃውንት ይቸገራሉ። የእኛ አባቶች የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። የእርሱ ወርቅ ግን በሰው እጅ ከመብዛቱ የተነሣ ለባለቤቱ ድምቀቱን ነሣው።

በ1812 ወደ ባሕር ዳርቻ ወደ ግሬት ያርመዝ ተዛወረ። በዚያ ዳውሰን ተርነር የሚባል የባንክ ባለቤትና የእጽዋት ሊቅ ደጋፊ ሆነው፤ ኮትማንም የባለጸጋውን ሚስትና ሴት ልጆች አስተማረ። ይህ ሰው የጥንት ሕንጻ ወዳድ ስለ ነበረ ሠዓሊውን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሕንጻዎችን እየቀረጸ እንዲያሳትም አበረታታው። ለዚህም ሲል ኮትማን በ1817፥ በ1818ና በ1820 ወደ ፈረንሳይ አገር ወደ ኖርማንዲ ሄደ፤ መቶ ሰሌዳ ያለውም የኖርማንዲ ጥንታዊ ሕንጻዎች መጽሐፍ በ1822 ወጣ። ጽሑፉን ዳውሰን ተርነር ጻፈ። ብዙ ሰዎች ይህ ባንከኛ ሠዓሊውን ከውሃ ቀለሙ አውጥቶ ዓመታቱን በላበት ይላሉ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። የጨረሰው ሥራ መልካም ሥራ ነው፤ እንጀራም ሰጥቶታል። ደግሞስ ሰውየው አታድርግ ቢለው ኖሮ ኮትማን ምን ይበላ ነበር?

ይልቁን እኔ የምወቅሰው ቀጥሎ ያደረገውን ነው። ወደ ኖርዊች ሲመለስ በጳጳሱ ግቢ አጠገብ ትልቅ ቤት ተከራየ፤ በዚያም የሥዕል ትምህርት ቤት ከፈተ። ትልቅ ሰው መስሎ መታየት ትልቅ ተማሪ ያመጣል ብሎ አስቦ ይሆናል። መጻሕፍትና ሥዕል፥ የጦር ዕቃና የመርከብ አምሳያ ሁሉ ሰበሰበ። ተማሪው ግን እንደ ተስፋው አልመጣም፤ ዕዳ መጣ። ዕዳ ደግሞ ብቻውን አልመጣም። ኮትማን ከወጣትነቱ ጀምሮ ልቡ አንድ ጊዜ ከሰማይ የሚደርስ፥ አንድ ጊዜ ከመቃብር በታች የሚወርድ ሰው ነበረና፥ በእነዚህ ዓመታት ለወዳጆቹ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ሲያነቧቸው ያስጨንቃሉ። የገዛ ልጆቹን ፊት ማየት አቅቶት የሚቀመጥበት ጊዜ ነበር። ይህን በሽታ ዛሬ ሐኪሞች ስም ሰጥተው ያክሙታል፤ በእርሱ ዘመን ግን ሰው እንደ ጠባይ ጉድለት ይቈጥረው ነበር፤ እርሱም ራሱን ይወቅስበት ነበር። ከልጆቹም አንዱ፥ ጆን ጆሴፍ፥ ሠዓሊነቱንና ሕመሙን ሁለቱንም ወረሰ።

የሚያስደንቀኝ ግን በዚህ ሁሉ መካከል እጁ አለመቆሙ ነው። በ1830ዎቹ ቀለሙን ከሩዝ ዱቄት በተሠራ ሙጫ እያደባለቀ ወፈር ያለ፥ የጠለቀ ሰማያዊና ወርቃማ የሞላበት አዲስ አሠራር ጀመረ። ያ የወጣትነት ነጭ ወረቀት ከዚህ በኋላ እየጠፋ ሄደ። አንዳንዱ ሰው ይህን የኋለኛውን ሥራ ያደንቃል፤ እኔን ግን ያፍነኛል።

በ1834 በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህር ፈለገ። ኮትማን ተመረጠ፤ ዊልያም ተርነርም ስለ እርሱ ጥሩ ቃል እንደ ሰጠ ይነገራል። በሞንሮ ቤት ደጃፍ ያለፉት ሁለቱ ሠዓሊዎች፥ አንዱ ባለጸጋና ስመ ጥር፥ ሌላው ደመወዝ ፈላጊ ሆነው በዚህ ተገናኙ። ኮትማን በኖርዊች ያከማቸውን ዕቃ ሸጦ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ለንደን ወደ ሃንተር ጐዳና ገባ። እዚያም ያው ሥራ ጠበቀው፤ ልጆች የሚገለብጧቸውን ሥዕሎች በብዛት ማዘጋጀት። ልጆቹም ይረዱት ነበር፤ ታላቁ ልጁ ማይልስ ኤድመንድ በዚያው ትምህርት ቤት ረዳቱ ሆነ፥ በኋላም ወንበሩን ወረሰ። ከተማሪዎቹ መካከል ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ የሚባል ልጅ ነበረ፤ ይህ ልጅ ካደገ በኋላ ከእንግሊዝ ታላላቅ ሠዓሊዎች አንዱ ሆነ። ኮትማን ምን እንዳስተማረው ከሮሴቲ ሥዕል ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እኛ አስተማሪዎች ተማሪያችን ትልቅ ሰው ሲሆን ድርሻችንን እንቈጥራለን፤ ትንሽ ሲሆን ግን ጥፋቱ የእርሱ ነው እንላለን። እኔ ግን ያን የቆርቆሮ ጣራ ልጅ ከየትኛው ወገን እንደምቈጥረው አላውቅም።

ኮትማን በሐምሌ 1842 ሞተ። በሚከተለው ዓመት ሥራዎቹ በጨረታ ሲሸጡ ያወጡት ዋጋ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከዚያም ለብዙ ዘመን ከኖርዊች ሰዎች በቀር የሚያነሣው አልነበረም። የኖርዊች ሙዚየም ጠባቂ የነበረው ጄምስ ሪቭ የአገሩን ልጆች ሥራ ከየቤቱ እየለቀመ ሰብስቦ ነበርና፥ በ1902 ስብስቡን ብሪቲሽ ሙዚየም ገዛው። እኔ በማቆሚያ ላይ ያየሁት የግሪታ ድልድይም የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በ1922 በለንደን በቴት የሥዕል አዳራሽ ሥራዎቹ ለሕዝብ ታዩ፤ በ1937 ሲድኒ ኪትሰን ሕይወቱን የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ፤ በሰናፍጭ ንግድ የበለጸገው የኮልማን ቤተ ሰብም የሰበሰበውን ለኖርዊች ከተማ በ1946 አወረሰ። በአዲሱ መቶ ዓመት ሠዓሊዎች ነገርን ሁሉ በሰፋፊ የቀለም ቁራጭ ማየት በጀመሩ ጊዜ፥ ከመቶ ዓመት በፊት ይህን ያደረገ የገጠር ሥዕል አስተማሪ እንደ ነበረ አይተው ተደነቁ። ለባለቤቱ ግን ከዚህ ሁሉ አንዳች አልደረሰውም።

ከመሞቱ በፊት የነበረውን መከር፥ ማለት የ1841ን፥ ነው እኔ ከዕድሜው ሁሉ አብልጬ የምወደው። ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ አግኝቶ ወደ ኖርፎክ ሄደ። ከስንት ዓመት በኋላ የአገሩን ሜዳ፥ ዛፍና ባሕር ለተማሪ መገልበጫ ሳይሆን እንዲያው ለማየት ወጣ። ቀለሙን ትቶ በጥቁርና በነጭ ጠመኔ በቡናማና በግራጫ ወረቀት ላይ ይሥል ነበር፤ እኔም ከእነዚህ ጥቂቶቹን በዚያው ቀን አይቻለሁ። ነፋስ አለባቸው፤ ዝናብ አለባቸው። ቀኑንና ቦታውን በየወረቀቱ ላይ ጽፎበታል፤ ተማሪ እንደሚያደርገው። አባቱ ያን ጊዜ ገና በሕይወት ነበረ፤ ቶርፕ በምትባል ከኖርዊች ጥቂት ራቅ ባለች መንደር ይኖር ነበር። ያ ጫማ ቢጠርግ ይሻለዋል የተባለው ልጅ በስድሳኛ ዓመቱ ዋዜማ በአባቱ ቤት ሆኖ ወደ ወንዙና ወደ ሜዳው ተመለከተ። በጥር 1842፥ ከአባቴ ቤት በቶርፕ ብሎ የሰየመውን የዘይት ቀለም ሥዕል ጀመረ። ሰማዩን ሠርቶ፥ ዛፎቹን በጥቂቱ አመልክቶ፥ የቀረውን እንዳለ ትቶታል። ሥዕሉ ሳይጨረስ ዛሬ በኖርዊች ግንብ ሙዚየም ይገኛል።